አደጋን የምንመዝነው በጆሯችንም ጭምር ነው

ተረት፦ ደፋር ሲወለድም ደፋር ነው፤ ፈሪም ሲወለድ ፈሪ።

እውነታ፦ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካረን አዶልፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን ጥናት ይመልከቱ። የዘጠኝ ወር ተኩል ሕፃን ክፍተት ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ከማዶ አሻንጉሊት ይታየዋል። ክፍተቱ ጠበብ ሲል ተንጠራርቶ ይወስዳል፤ ሲሰፋ እንደማይደርስበት አውቆ ይተወዋል። ያንኑ ሕፃን ለመዳህ በእጅና በጉልበቱ ሲያቆሙት ግን ቅድም የተወውን ክፍተት ሊሻገር ዘው ይላል፤ ካልቀለቡት ይወድቃል። ልጁም ክፍተቱም አልተለወጡም። መቀመጥን ለወራት ሲለማመድ ቆይቷል፤ መዳህን የጀመረው ግን ገና ቅርብ ጊዜ ነው። በአዲሱ አኳኋን ሚዛኑ እስከ የት እንደሚያዘልቀው አላወቀም። ስለዚህ ትናንት ከአልጋ ጫፍ የተመለሰ ልጅ መዳህ ሲጀምር ቢወድቅ «አይሰማም» ብለው አይቆጡት። ድፍረቱ አካሉ ገና ካልተማረው ነገር የመጣ ነው።

ተረት፦ ሰውነት አይዋሽም፤ ስሜትህን እመን።

እውነታ፦ በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ስለሚቀር መዞራችንን እናውቃለን። አውሮፕላን በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ሲዞር ግን ፈሳሹ ይደርስበትና መዞሩ የቆመ ይመስላል። አብራሪው ሲያቃናው ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የዞረ መስሎት መልሶ ያጣምመዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ጆን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1999 ጭጋግ ባለበት ሌሊት ባሕር ላይ ሲበር ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር ሕይወቱ ያለፈው፣ መርማሪዎች እንደደመደሙት፣ የአቅጣጫ ስሜቱ ተምታቶበት ነው።

ተረት፦ አዛውንት ካዞራቸው ደም ማነስ ነው፤ ቁጭ ይበሉ።

እውነታ፦ አንዴ አዙሯቸው የወደቁ እናት ደረጃው ሁሉ ገደል ይሆንባቸዋል፤ ገበያውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ይተዋሉ። ቁጭ ማለቱ ግን የእግር ጡንቻን እያደከመ ቀጣዩን መውደቅ ያቀርባል። ማዞሩም ሁልጊዜ ከደም ማነስ አይመጣም፤ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ለሰከንዶች የሚያዞር ሕመም ብዙ ጊዜ መነሻው ጆሮ ነው፤ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ተነቅለው ቦዮቹ ውስጥ ሲገቡ ይከሰታል። ሐኪም ጭንቅላትን በቅደም ተከተል እያዞረ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ያስተካክለዋል። እናትዎን «አይነሡ» ከማለትዎ በፊት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።