ብረትን የሚሰነጥቅ ንጹሕ ውሃ



ብረት በውሃ ሲዝግ ያላየ ሰው የለም። የዛሬው ንግግራችን ግን ከዝገት ስለ ረቀቀ ጉዳት ነው፤ ይኸውም ላዩ እንደ አዲስ የሚያበራ ብረት ውስጡ ቀስ በቀስ ስለሚሰነጠቅበት ምክንያት ነው።

በአቶም ኃይል ኤሌክትሪክ በሚያመነጩ ብዙ ጣቢያዎች፥ ሬአክተር ከሚባለው ምድጃ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያወጣው ውሃ ነው። የውሃው ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ እንዳይፈላም ከአየር ግፊት 150 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ታምቆ ይያዛል። ይህን ለሚችል ቧንቧ መሐንዲሶች ኢንኮኔል 600 የተባለውን ድብልቅ መረጡ። ከመቶው ከ70 እጅ በላይ ኒኬል፥ 15 እጅ ያህሉ ክሮሚየም፥ አብዛኛው ቀሪ ተራ ብረት ነው።

ይሁን እንጂ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ አንሪ ኮርዩ ይኸው ድብልቅ በ350 ዲግሪ ሙቀት፥ በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንደሚሰነጠቅ በሙከራ አይተው አስታወቁ። ብዙዎች ግን ለረጅም ጊዜ ነገሩን ሳይቀበሉ ተከራከሩ።

ለመሰንጠቁ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ አንደኛው የድብልቁ ጠባይ፥ ሁለተኛው በብየዳና በማጣመም ጊዜ በብረቱ ውስጥ የቀረ ውጥረት፥ ሦስተኛው የውሃው ሙቀትና ጠባይ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ስንጥቁ ብረቱ በተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች መጋጠሚያ እየሾለከ ለዓመታት ይጓዛል።

በ1991 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቡዤ ጣቢያ፥ በሬአክተሩ ክዳን ላይ ካለ ቧንቧ ውሃ ሲያፈስ ተገኘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት በዴቪስ ቤሲ ጣቢያ የባሰ ታየ። በስንጥቁ የሾለከው ቦሪክ አሲድ ያለበት ውሃ፥ ውፍረቱ ከ15 ሳንቲሜትር የሚበልጠውን የብረት ክዳን በልቶ ጨርሶ፥ ያን ሁሉ ግፊት ይዞ የቀረው 1 ሳንቲሜትር የማይሞላ የማይዝግ የውስጥ ልባስ ብቻ ነበር። ጉድጓዱ የተገኘው ጣቢያው ለጥገና ቆሞ ሳለ በመሆኑ፥ በሰው ላይ አደጋ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ በብዙ ጣቢያዎች ክዳኖቹ ተለወጡ፤ ክሮሚየሙ እስከ 30 እጅ ከፍ ያለው ኢንኮኔል 690 በአሮጌው ድብልቅ ቦታ ገባ። ምርመራውም ጠበቀ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በአንድ ቤተ ሙከራ የታየችው ጥቂት ስንጥቅ በጊዜዋ ብትሰማ ኖሮ፥ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ በዳነ ነበር።