የምስጢር ቁጥርና የልጆች ፍርሃት

በዛሬው ጊዜ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አዲስ ስልክ ሲገዛ ቴሌግራሙን የሚከፍተው፣ የይለፍ ቃሉንም የሚያወጣው አባት ወይም እናት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያለው የዘጠነኛ ወይም የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ሳያስበው የታናናሾቹ መምህር ሆኗል። ስለሆነም ልጆችን ከኢንተርኔት አደጋ የመጠበቅ ጉዳይ የወላጆችና የመምህራን ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም።

ለመሆኑ አደጋው ከወዴት ይመጣል? ብዙ ሰዎች የኢንተርኔት ሌባ ሲባል ረቂቅ ዕውቀት ያለው፣ በሩቅ ሆኖ የሰው ስልክ ሰብሮ የሚገባ ሰው ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በሩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከውስጥ ነው።

ለምሳሌ ያህል የቴሌግራምን አሠራር እንመልከት። አንድ ሰው አካውንቱን በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት ሲፈልግ የስልክ ቁጥሩን ያስገባል። ወዲያውኑ ባለ 5 አሐዝ የምስጢር ቁጥር ይላካል። ይህም ቁጥር ለማንም እንዳይሰጥ ከሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ ጋር ባለቤቱ ቀድሞ በሚጠቀምበት ስልክ ላይ ይደርሳል። የስልክ ቁጥሩን ማንም ሊያውቅ ይችላል፤ አምስቱን አሐዞች የሚያያቸው ግን ስልኩን በእጁ የያዘው ሰው ነው። ለሌባው የጎደሉት እነዚህ አምስት አሐዞች ብቻ ስለሆኑ ይጠይቃል።

አጠያየቁም ብልሃት አለው። መልእክቱ የሚመጣው አካውንቱ አስቀድሞ በተሰረቀበት ጓደኛ ወይም ዘመድ ስም ነው። «በስሕተት ወደ አንተ ስልክ ቁጥር አስልኬ ነበር፤ ቶሎ ላክልኝ» ይላል። ወይም «እኅቴ ውድድር ላይ ስለሆነች እዚህ ገብተህ ድምፅ ስጣት» ይልና የድምፅ መስጫ በሚመስል ገጽ ላይ የስልክ ቁጥርንና የምስጢር ቁጥርን ያስሞላል። የሰዋስው ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይችላል። አንቀጹ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ «ቶሎ»፣ «አሁኑኑ» የሚሉ ተውሳከ ግሦች ያጅቡታል፤ በቂ ምክንያት ግን የለውም። ሁልጊዜ «የኔ ጌታ» እያለች የምትጽፍ አክስት ድንገት «ብሮ፣ አለህ?» ብላ ከጻፈች ደግሞ ጻፊው ሌላ ሰው መሆኑን ለመጠርጠር የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ደውሎ ድምፅዋን መስማት ይበቃል።

አሁን ደግሞ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቁጥሩን ሰጠች እንበል። ጥቂት ቆይታ ስሕተቷን ተረዳች። በቴሌግራም ደንብ መሠረት አዲስ የገባ መሣሪያ ቀድመው የነበሩትን መሣሪያዎች ለ24 ሰዓት ያህል ማስወጣት አይችልም። ባለቤቷ ግን ሴቲንግ በሚባለው ክፍል ውስጥ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፍታ እንግዳውን ወዲያውኑ ልታስወጣው ትችላለች። እንግዲህ ያ አንድ ቀን የልጅቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ ከጎኗ ቢሆን ሥራው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ይሁን እንጂ ልጅቷ «ስልኩን ይነጥቁኛል፤ እናቴም ትቆጣኛለች» ብላ ዝም ትላለች። ሌሊቱ ያልፋል። በማግሥቱ ሌባው እርሷን ያስወጣና በስሟ ለአጎቷና ለጓደኞቿ «በቴሌብር ብር ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። ገንዘቡን ያስወሰደው የቁጥሩ መሰጠት ብቻ ሳይሆን ቁጣን መፍራትም ነው። በክፍል ውስጥ ጥፋት ሲደርስ «ማነው ይህን ያደረገ?» እያለ የሚጮኽ መምህር እውነቱን ከተማሪዎቹ አያገኝም፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ይህን የተማረው በመምህርነት ብዙ ከጮኸ በኋላ ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ገና ምንም ሳይደርስ «ምንም ብትሳሳቺ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፤ ስልኩን አልወስድብሽም» ብሎ ቃል መግባት፣ ጉዳዩ በደረሰም ጊዜ ቃሉን መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ከገንዘብ የከፋ ነገርም አለ። በሐሰት ስም ወዳጅ መስሎ ቀርቦ የልጅ ፎቶግራፍ ከተቀበለ በኋላ «ሌላ ካልላክሽ ለአባትሽ አሳያለሁ» የሚል ሰው ይገኛል። የዚህ ሰው ኃይሉ የልጅቷ ዝምታ ነው፤ የጠየቀውን ብትልክለት ሌላ ይጠይቃል እንጂ አይተዋትም። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። ልጅቷ የተበደለች እንጂ ወንጀለኛ አይደለችም። ልጆች በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርጉት መልእክቱን ማጥፋት ነው፤ ይህ ግን ማስረጃውን ማጥፋት ስለሆነ፣ መልእክቱ እንዳለ ለታመነ ታላቅ ሰው ታይቶ ጉዳዩ ለፖሊስ ሊነገር ይገባል።

ቴሌግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት እንዲቻል አድርጓል። ይህ ከተደረገ ልጅቷ አምስቱን አሐዞች ብትሰጥ እንኳ ሌባው ሁለተኛውን ቃል ይጠየቃል። ለአንድ ስልክ ይህን ማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ቃሉ የልጅቷ ስምና የልደት ዓመት መሆን የለበትም፤ እንዳይረሳም በወረቀት ላይ ተጽፎ የቤተሰቡ ሰነዶች በሚቀመጡበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።