የማራገቢያ ሞተር

የማራገቢያ ሞተር (የቬንትሌተር ሞተር) በቤት ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መሣሪያዎች ውስጥ አየር የሚገፋውን ክንፍ የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በጣሪያና በጠረጴዛ ቬንትሌተር፣ በኤር ኮንዲሽነር እንዲሁም በአየር ማሞቂያ ውስጥ ይገኛል። ተመሳሳይ ነፋስ የሚሰጡ ሁለት ሞተሮች የሚወስዱት ኃይል ከእጥፍ በላይ ሊለያይ ስለሚችል፣ የሞተሩ ዓይነት የመብራት ወጪን ይወስናል። በፀሐይ ኃይል በሚጠቀም ቤት ደግሞ ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ መሥራት አለመሥራቱን ይወስናል።

ዓይነቶች

በቤት ማራገቢያዎች በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነቶች ናቸው።

* ባለ ጥላ ዋልታ ሞተር፦ አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ለትናንሽ ማራገቢያዎች ብቻ ይውላል።
* ባለ ካፓሲተር ሞተር፦ በተራ የጣሪያ ቬንትሌተሮች የተለመደ ነው። ከመጀመሪያው የተሻለ ቢሆንም በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሠራ ብቃቱ ይወርዳል።
* ብሩሽ አልባ ሞተር፦ በገበያ ላይ «ቢኤልዲሲ»፣ «ኢሲ» ወይም «ኢሲኤም» ተብሎ ይጻፋል። የሚዞረው ክፍል (ሮተር) ቋሚ ማግኔት አለው። የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ደግሞ ኃይሉን ወደ ሽቦ ጥቅሎቹ በየተራ ይልካል። በሮተሩ ውስጥ ኃይል የሚያባክን ሽቦ ስለሌለ ብቃቱ ከሁሉም ከፍተኛ ነው።

ተራ የጣሪያ ቬንትሌተር በሙሉ ፍጥነት 75 ዋት ገደማ ሲወስድ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ብሩሽ አልባ ቬንትሌተር 30 ዋት ገደማ ይበቃዋል።

ፍጥነትና ኃይል

ክንፍን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። በመሆኑም ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከዚህ ቁጠባ ይበልጥ የሚጠቀመው ብሩሽ አልባ ሞተር ነው። ባለ ካፓሲተር ሞተር በአሮጌው ዓይነት የግድግዳ መቆጣጠሪያ ሲቀዘቅዝ፣ የተቀነሰው ኃይል ከፊሉ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

በኤር ኮንዲሽነር ውስጥ ብክነቱ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ሞተሩ የሚያወጣው ሙቀት ወደ ቀዘቀዘው አየር ስለሚገባ መሣሪያው እንደገና ያንን ሙቀት ማስወጣት አለበት። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን ጉዳዩ ይለያል። ማሞቂያው ሽቦ 1,000 ወይም 2,000 ዋት ሲወስድ የማራገቢያው ድርሻ ጥቂት ነው፤ የሞተሩ ብክነትም እዚያው ክፍል ውስጥ ሙቀት ይሆናል።

በኢትዮጵያ

በአሜሪካ በብዙ ቤቶች ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በቱቦ ወደ ክፍሎች ይሰራጫል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 3 ቀን 2019 ጀምሮ የምድጃ ማራገቢያዎች የኃይል ብቃት መስፈርት ወጥቶላቸዋል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሥርዓት በመኖሪያ ቤት ብዙም ስለማይገኝ፣ ምርጫው በዋናነት የሚመለከተው ቬንትሌተርንና ኤር ኮንዲሽነርን ነው። በአገር ደረጃ የኃይል ብቃትና ቁጠባ ጉዳይ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ተካቷል።

እንደ ቴፒ ባሉ ሞቃትና እርጥብ ከተሞች ቬንትሌተር ረጅም ሰዓት ይሠራል። በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ባለ 75 ዋት ቬንትሌተር በ30 ቀን 22.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 30 ዋቱ 9 ብቻ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት በመሆኑ፣ የ13.5 ልዩነት ቤተሰቡን ወደሚቀጥለው፣ ዋጋው ከፍ ወዳለው እርከን ሊያሻግረው ይችላል።

በፀሐይ ኃይል

በምዕራብ ኦሞ ዞን በቱም አካባቢ እንዳሉት ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የራቁ የገጠር ቤቶች በፀሐይ ኃይል ሲጠቀሙ ልዩነቱ ይጎላል። ባለ 12 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይጠቀሙበት ይመረጣል፤ ስለዚህ 300 ዋት ሰዓት ይቀራል። ይህ ለ75 ዋት 4 ሰዓት፣ ለ30 ዋት 10 ሰዓት ይበቃል። በ12 ቮልት ቀጥታ የሚሠራ ብሩሽ አልባ ቬንትሌተር ኢንቨርተር ስለማያስፈልገው የኢንቨርተሩ ብክነትም ይቀራል። ባለ ካፓሲተር ሞተር ግን በርካሽ ኢንቨርተር ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይጮኻል፣ ይግላልም።

አመራረጥ

* የሚነጻጸረው የዋት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ጭምር ነው፤ ትንሽ ዋት ያለው ነገር ግን ነፋሱ ደካማ የሆነ ማራገቢያ ቁጠባ አይደለም።
* በኤር ኮንዲሽነር ላይ «ኢንቨርተር» የሚለው ጽሑፍ በዋናነት ኮምፕረሰሩን ያመለክታል። የማራገቢያው ሞተር ዓይነት ለብቻው መጠየቅ አለበት።
* ጥገናም ይታሰባል። ባለ ካፓሲተር ሞተር ሲቃጠል ሞተር ጠቅላይ ዘንድ ሊጠገን ይችላል፤ ካፓሲተሩና ኩሽኔታውም በቀላሉ ይቀየራሉ። የብሩሽ አልባ ሞተር ካርድ ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ካርድ መተካት አለበት። መለዋወጫ በማይገኝበት ሩቅ ከተማ ይህ የተቆጠበውን ገንዘብ ሊያስቀር ይችላል።
* ማጣሪያና ክንፍ በየጊዜው ይጸዳሉ። የአየሩን መጠን እኩል ለማድረግ የተሠራ ብሩሽ አልባ ሞተር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ፍጥነቱን ስለሚጨምር፣ ከታሰበው በላይ ኃይል ይወስዳል።