«ተልኳል» ማለት «ተጭኗል» ማለት አይደለም

ሰኞ ጠዋት 2፡30። የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ኮምፒውተራቸውን ከፍተው አዲሱን የደመወዝ ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ጋ አለ፣ አንዳንዱ ጋ የለም። ቀኑ 28 ነው፤ ደመወዝ በ30 መግባት አለበት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያ የታወቀ ጥያቄ ይሰማል፦ «አይቲው የት ሄደ?»

ቤተሰብ፣ ዛሬ የምናወራው ስለዚህ አይቲ ነው። ብዙዎቻችሁ አይቲ ሰፖርት ሆናችሁ የተቀጠራችሁ፣ ወይም ለመቀጠር ሲቪ የምታስገቡ ናችሁ። ሶፍትዌርን ከአንድ ቦታ ሆኖ ቢሮ ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ መጫን በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ሲበላሽ ግን ችግሩ የት እንዳለ ስለማይታይ፣ አብዛኛው ሰው ፍላሽ ይዞ ከክፍል ክፍል መሮጥ ይጀምራል። እኛም ሮጠናል።

ነገሩ የሆነው አምና አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቢሮ ነው፤ ስሙ ይቆየን። 42 ኮምፒውተር አለው። ለጥቂት ቀን እንድናግዝ ተጠርተን ሄድን።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ለአንድ ሰርቨር የሚታዘዙበት ኔትወርክ «ዶሜይን» ይባላል። ሰርቨሩ ላይ «ግሩፕ ፖሊሲ» የሚባል ነገር አለ፤ እዚያ ገብታችሁ «ይህ ሶፍትዌር በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ይጫን» ብላችሁ ትወስናላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰርቨሩ ሶፍትዌሩን ተሸክሞ ወደ ኮምፒውተሩ አይሄድም። የሚያደርገው ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ እንደመለጠፍ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ መጥቶ ማስታወቂያውን ያነባል፣ ወደተባለው ፎልደር ይሄዳል፣ ፋይሉን ይወስዳል፣ ይጭናል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ካልተጫነ ጥያቄው «ለምን እምቢ አለ?» ሳይሆን «መንገዱ ላይ የት ጋ ቆመ?» ነው። ማስታወቂያውን ሳያነብ ቀረ? አንብቦ ፎልደሩን አጣው? ደርሶ በር ተዘጋበት? ወይስ ወስዶ መጫን አቃተው?

ዓርብ ማታ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ያገኘናቸውን ኮምፒውተሮች በሙሉ ሪስታርት አደረግን። ውጤት፦ ዜሮ። አንዱም ላይ የለም። የሚያናድደው ደግሞ ፎልደሩን ከየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ይከፈታል፤ ፋይሉም እዚያው ቁጭ ብሏል።

ለካ የሚከፈተው ለእኛ ነው። በአስተዳዳሪ አካውንት ስለገባን በሩ ይከፈትልናል። ሶፍትዌሩን የሚወስደው ግን ሰው ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው። ዶሜይን ውስጥ እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ሰው የራሱ አካውንት አለው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ያለበት። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የሚያየው የእሱን መታወቂያ እንጂ የእናንተን አይደለም። ስለዚህ «ዶሜይን ኮምፒውተርስ» ለሚባለው ቡድን የማንበብ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል፤ ያውም ሁለት ቦታ፣ «ሼሪንግ» የሚለው ውስጥም «ሴኪዩሪቲ» የሚለው ውስጥም። አንዱን ብቻ ከፈቀዳችሁ በሩ አሁንም ዝግ ነው።

አደራ፣ ተናዳችሁ ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ እንዳትሰጡ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ወይም የሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለ ቫይረስ፣ ፋይሉን በሌላ ፋይል መለወጥ ይችላል። ያ የተለወጠው ፋይል ደግሞ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ በከፍተኛ ሥልጣን ይጫናል። ቢሮውን በገዛ እጃችሁ አስረከባችሁ ማለት ነው።

ሌላም አለ። የፋይሉን አድራሻ ስትሰጡ «ዲ» ወይም «ዜድ» ብሎ በሚጀምር መንገድ አይሁን። «ዜድ» የሚባለው ድራይቭ የሚታየው እናንተ ስትገቡ ነው፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ሲነሳ ዜድ የሚባል ነገር አያውቅም። «ዲ» ብትሉት ደግሞ የራሱን ዲ ይፈልጋል። አድራሻው በሁለቱ የተጋደሙ ጭረቶች ተጀምሮ የሰርቨሩን ስም፣ ከዚያ የፎልደሩን ስም መያዝ አለበት።

ቅዳሜ ፈቃዱን አስተካከልን። ለሠራተኞቹም «ስትወጡ ዝጉት፣ ሰኞ ስትከፍቱት ራሱ ይጭናል» አልናቸው። ሰኞ ጠዋት 25ቱ ላይ ተጭኗል፤ 17ቱ ላይ የለም።

ከ17ቱ 9ኙ ላይ ያገኘነው ነገር ሁላችሁንም ይመለከታል፤ ላፕቶፕ ያላችሁ አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው። ሹት ዳውን ስትሉት የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፣ የራሱን ዋና ክፍል ግን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ጠዋት ስትከፍቱት እንደ አዲስ አይነሳም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ሪስታርት ስትሉት ግን በእውነት ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። አዎ፣ ከሹት ዳውን ይልቅ ሪስታርት ነው በደንብ የሚያጠፋው! ለማየት «ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኤስኬፕ» አንድ ላይ ተጫኑ፣ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሲፒዩ» የሚለውን ክፈቱና «አፕ ታይም» የሚለውን ቁጥር ተመልከቱ። ማታ ማታ የምትዘጉት ላፕቶፕ ለ12 ቀን ሳይጠፋ እንደቆየ ቢነግራችሁ አትደንግጡ።

ኮምፒውተሩ ማስታወቂያውን ቀን ላይም ያነባል፣ በየ90 ደቂቃው ገደማ። ለኮምፒውተሩ የታዘዘ ሶፍትዌር የሚጫነው ግን ከዜሮ ሲነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዘግታችሁ ክፈቱ» ያልነው ምክር ራሱ ስህተት ነበር፤ «ሪስታርት አድርጉ» ማለት ነበረብን። አንዳንዴ ደግሞ ሪስታርት ተደርጎም ኔትወርኩ ሳይደርስ ዊንዶውስ ቀድሞ ይነሳና ሁለተኛ ሪስታርት ይፈልጋል። ለዚህ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ «ሁልጊዜ ኔትወርኩን ጠብቅ» የሚል ምርጫ አለ፤ አብሩት።

4ቱ ደግሞ ሰርቨሩን ጭራሽ አያገኙትም ነበር። አንድ ሰው፣ መቼም በቅንነት ነው፣ «ኢንተርኔት ይፍጠን» ብሎ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አድርጎታል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል። ግን 8.8.8.8 የጎግል ነው፤ የእናንተ ቢሮ ሰርቨር የት እንዳለ ጎግል በምን ያውቃል? ሠራተኛው እንኳን ልብ አይልም፤ ዊንዶውስ ቀድሞ የገባበትን ፓስዎርድ ስለሚያስታውስ እንደ ወትሮው ያስገባዋል።

አንዱ ሰዓቱ ተዛብቶ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዶሜይን ውስጥ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ መታወቂያውን አይቀበለውም። ቆይቶ ሰዓቱን ራሱ ሊያስተካክል ይችላል፣ ግን የመጫኛው ሰዓት ያልፋል። መብራት እየመጣ በሚሄድበት አገር ይህቺን ባትሪ ቀድማችሁ ጠርጥሩ። 2ቱ ደግሞ ዲስካቸው ሞልቶ ነበር። የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ የማን እንደሆነ አንናገርም።

በግሩፕ ፖሊሲ ሳይሆን በሌላ መሣሪያ ወይም በስክሪፕት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መጫኛው «ኔክስት» ተጫኑ እያለ የሚጠይቅ ከሆነ የሚከፈተው ማንም በማያየው ስክሪን ላይ ነው። እዚያ «ኔክስት» የሚል ሰው ሲጠብቅ ያድራል። ሳይጠይቅ እንዲጭን የሚያደርገውን ትዕዛዝ ከሶፍትዌሩ መመሪያ ላይ ፈልጋችሁ ጨምሩ። የሚመለሰውን ቁጥርም አንብቡ፦ 0 ማለት ተሳክቷል። 3010 ማለትም ተሳክቷል፣ ሪስታርት ብቻ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ወድቋል ብሎ እንደገና ይልካል። 1618 ማለት ሌላ ነገር እየተጫነ ነው፣ ጠብቁ። 1619 ሲሆን ፋይሉን መክፈት አልቻለም፤ ወደ ፈቃዱና ወደ አድራሻው ተመለሱ። 1603 ግን «የሆነ ነገር ተበላሽቷል» ከማለት አያልፍም፤ ሎጉን ከፍቶ ማንበብ ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ማድረግ ነበረብን፣ አላደረግንም። መጀመሪያ በ3 ወይም በ4 ኮምፒውተር ላይ መሞከር። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ስህተት ያለበት ፋይል ለደንበኞቹ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ አነሳው። ግን በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተመተው ነበር፤ በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። ማስተካከያው ወዲያው ቢወጣም ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ከመነሳታቸው ስለሚወድቁ ከሩቅ መቀበል አልቻሉም። በየአገሩ ያሉ አይቲዎች ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞሩ በእጃቸው ጠገኑ። ያን ያህል ግዙፍ ድርጅት እንኳን ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሁሉም ከመላኩ በፊት በየደረጃው እለቃለሁ ያለው።

ወደ ቢሯችን እንመለስ። ማክሰኞ ከሰዓት 41 ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ አለቀ፣ ደመወዙም በ30 ገባ። አንዱ ቀረ። ዝርዝሩ ላይ ስሙ አለ፣ ሲጠሩት ግን መልስ የለም። ኬብል ቀየርን፣ ስዊቹን አየን፣ ፋየርዎል ነው ብለንም ጠረጠርን። ረቡዕ ዕቃ ግምጃ ቤት ያሉት እናት «እሱንማ እኔ ጋ አለ» ብለው አንድ ካርቶን አሳዩን። ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ ከዝርዝሩ ላይ ያወጣው ሰው አልነበረም።