ወገብ የሌለው ፈረስ

ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የ1989 ፎርድ ሙስታንግ አለው። "ያጠራቀምኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው፤ ቱርቦ ላስገባበት?" አለኝ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ፤ "መጀመሪያ ወገቡን!" አልኩት።

ይህ መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም። የፊትና የኋላ ተሸካሚ ብረቶቹን የሚያያይዘው የወለልና የጎን ላሜራ ነው። ጉልበት ሲጨመርበት ቦዲው ይጠማዘዛል። ሰብፍሬም ኮኔክተር የሚባለው ብረት ሁለቱን ያገናኛል።

በቡሎን የሚታሰረውን ራስህ ትገጥመዋለህ፤ ግን እያደር ሊላላ ይችላል። የሚበየደው የበለጠ ያጠነክራል፤ ሆኖም ስህተቱ አይመለስም። ስለዚህ ብየዳው መኪናው በአራቱም ጎማ ቆሞ ይሁን፤ ተንጠልጥሎ ከተበየደ ጠማማነቱ እንዳለ ይቀራል። ባትሪው ይፈታ፣ የውስጥ ምንጣፉም ይነሳ፤ እሳት አለ።

የአክስቴ ልጅ የሚበየደውን መረጠ። ቱርቦው ለከርሞ ይቆየው። እናንተስ ብትሆኑ?