ሰዓት ሲቀየር የሕፃንዎ እንቅልፍ እንዳይናጋ



በዚህ እትም የምናነሳው ስለ ሕፃናት እንቅልፍና ስለ ሰዓት ለውጥ ነው። «ሰዓት የሚቀየረው በፈረንጅ አገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኬንያም ኢትዮጵያም በበጋና በክረምት ሰዓት አይቀይሩም። ሁለቱ አገሮች ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥሩት አንድ ሰዓት ስለሆነ፣ ሞያሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ገበያ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልገውም። ነገር ግን የሌላ አገር የሰዓት ለውጥ በስልክ በኩል ቤታችን ይገባል። እንዴት እንደሚገባ አንድ ያጋጠመኝን ላጫውታችሁ።

በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ አንዲት አያት የዘጠኝ ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ የሕፃኑን እናት አስከትለው ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ጊዜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢሆንም ሕፃኑ ገና አልነቃም። ጡት ሲሰጡት አይስብም። አያትየው «ልጄ፣ ይህ የእንቅልፍ አይመስለኝም፤ ሰውነቱ ዝሏል» አሉኝ። እናቱን ለብቻዋ ሳነጋግራት፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከሱቅ የገዛችውን የጉንፋን ሽሮፕ በማንኪያ እንደሰጠችው ነገረችኝ። ሕፃኑ ጉንፋን አልነበረውም። «እንዲተኛልኝ ብዬ ነው» አለችና አለቀሰች።

ነገሩ የተጀመረው ከስልክ ነው። የሕፃኑ አባት የሚኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው። የሄደው ልጁ ከመወለዱ በፊት ስለሆነ ልጁን የሚያየው በስልክ ብቻ ነው። ሁልጊዜ የሚደውለው በምሳ ሰዓቱ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ ሲሆን፣ እዚህ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል። ሕፃኑ አባቱን አይቶ፣ ጡቱን ጠብቶ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል። በጥቅምት መጨረሻ ግን ስልኩ ማታ 3 ሰዓት መደወል ጀመረ። እናት ሕፃኑን እንዳይተኛ እያጫወተች ታቆየዋለች፤ ከተኛም ትቀሰቅሰዋለች። ሕፃኑ ድካሙ ስለሚበዛበት እስከ 5 እና 6 ሰዓት ያለቅሳል። «ለምን ታመሻለህ?» ስትለው አባት «እኔ በሰዓቴ ነው የደወልኩት» ይላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የተቀየረው የአሜሪካ ሰዓት ነው።

ሕፃኑን ለክትትል ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ በማግስቱ ነቅቶ፣ ጡት ጠብቶ በደህና ተመለሰ። ሁሉም ሕፃን ግን እንዲህ ዕድለኛ አይሆንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ሰዓቱ ለምን ይቀየራል?

ሞያሌ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ያላቸው ልዩነት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሰዓት መቀየር አያስፈልገንም። በሚኒያፖሊስ ግን በበጋ ቀኑ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ በክረምት ደግሞ 9 ሰዓት አይሞላም። እንዲህ ባሉ አገሮች የምሽቱን ብርሃን ለመጠቀም ሲባል ሰዓቱን በጸደይ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉትና በመኸር መልሰው ወደ ኋላ ያመጡታል።

በአሜሪካና በአብዛኛው ካናዳ ሰዓቱ ወደ ፊት የሚሄደው በፈረንጆች ማርች ወር በሁለተኛው እሑድ ነው፤ የሚመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። በአውሮፓ ማርች የመጨረሻው እሑድና ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ናቸው። እንደ ሜልቦርንና ሲድኒ ባሉ የአውስትራሊያ ከተሞች ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ፊት ሄዶ በኤፕሪል የመጀመሪያው እሑድ ይመለሳል። ዘመድዎ ከእነዚህ አገሮች በአንዱ የሚኖር ከሆነ የጥሪው ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድ ሰዓት እንደሚዛነፍ አስቀድመው ይወቁ።

የሕፃኑ ሰዓት የት ነው ያለው?

ሕፃን የግድግዳ ሰዓት አያውቅም። የእሱ ሰዓት ብርሃንና ጨለማ፣ ጡትና የቤቱ ልማድ ነው። ሲጨልም ሰውነታችን ሜላቶኒን የሚባል እንቅልፍ የሚጋብዝ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን በሌሊት በሚጠባው የእናት ጡት ወተት ውስጥም ይገኛል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊትን አይለይም፤ መለየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሲሆነው ነው። ስለዚህ የአንድ ወር ሕፃን ሌሊት ቢነቃ ሕመም አይደለም፤ ርቦት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የቀኑም የሌሊቱም ተደምሮ አንድ ሕፃን የሚያስፈልገው እንቅልፍ የሚከተለው ነው፦

• እስከ 3 ወር፦ ከ14 እስከ 17 ሰዓት
• ከ4 እስከ 11 ወር፦ ከ12 እስከ 16 ሰዓት
• ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ ከ11 እስከ 14 ሰዓት

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018) ከኢትዮጵያው ሞያሌ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኬንያ በኩል በተሰደዱ ጊዜ የነበሩትን የመጀመሪያ ሌሊቶች አስታውሳለሁ። ቤት የለም፣ ሰዓት የለም፣ ሕፃናቱ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሱ ነበር። ቀድመው የተረጋጉት እናቶቻቸው በሸራው ሥር እንኳ ልማዳቸውን ያልተዉ ሕፃናት ናቸው፦ ፊትና እግሩን በጥቂት ውኃ ማጠብ፣ ጡት መስጠት፣ እሹሩሩ ማለት፣ ማስተኛት። ሁልጊዜ ያው ነገር፣ በያው ቅደም ተከተል። ሕፃኑ የሚያውቀው ሰዓት ይህ ነው።

ለውጡን ቀስ በቀስ ያድርጉ

የመኝታው ሰዓት መቀየሩ የግድ ከሆነ በአንድ ሌሊት አይቀይሩት። አንዱን ሰዓት በአራት ቀን ይከፋፍሉት፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ ብቻ ይሁን።

1. የሚያመሽ ከሆነ፦ ማታ 2 ሰዓት ይተኛ የነበረውን በመጀመሪያው ቀን 2፡15፣ በሁለተኛው 2፡30፣ በሦስተኛው 2፡45፣ በአራተኛው 3 ሰዓት ላይ ያስተኙ።
2. ቀድሞ የሚተኛ ከሆነ፦ በተቃራኒው ያድርጉ፤ ጠዋትም በየቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ያስነሱት።
3. የቀን እንቅልፉንም በዚያው ልክ ያስተካክሉ። ምግብ ከጀመረ የምግቡን ሰዓት አብረው ይግፉ። ጡት ግን በፈለገ ጊዜ ይስጡት።
4. ጠዋት ሲነቃ ወደ ብርሃን ያውጡት። ከመተኛቱ አንድ ሰዓት በፊት የስልክና የሶላር መብራቱን ይቀንሱ፤ የስልክ ብርሃን በሕፃኑ ዓይን ላይ ቀን ነው የሚመስለው።
5. አንድ ዓመት እስኪሞላው ሁልጊዜ በጀርባው ያስተኙት፤ ፊቱን የሚሸፍን ልብስ ወይም ትራስ አጠገቡ አይኑር። አጎበሩን አይርሱ።
6. የምታጠባ እናት ቡና ታሳንስ፤ ጫት ከመቃም ትቆጠብ። ሁለቱም በወተቱ በኩል ለሕፃኑ ይደርሱታል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቡናውን ከሰውነቱ ለማስወገድ ቀናት ይፈጅበታል።

ይህ አሠራር ለረመዳንም ያገለግላል። ቤተሰቡ ለሱሑር ሲነሳ ሕፃኑ አብሮ እንዳይነቃ መብራቱን ከእሱ ያርቁ፣ ድምፅ ይቀንሱ፤ ቢነቃም በጨለማው ውስጥ አጥብተው መልሰው ያስተኙት።

ሽሮፕ ለእንቅልፍ አይሰጥም

ብዙዎቹ የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፖች እንቅልፍ ያመጣሉ። እንደ ፕሮሜታዚን ያለው መድኃኒት ግን የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨርሶ እንዳይሰጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ያደረገው ለዚህ ነው። «ለጎረቤቴ ልጅ ተስማምቶታል» ብለው አይስጡ። ሽሮፕ የሰጠች እናት ካለችም አትደብቅ፤ ጠርሙሱን ይዛ ትምጣ። እኛ አንቆጣም፤ የምንፈልገው የሰጠችውን ማወቅ ነው።

ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ ቤተሰቦች

የመልሶ ማስፈር ጉዳያችሁ አልቆ የምትሄዱ ወላጆች፣ መጀመሪያ የሚጠብቃችሁ የሰዓት ልዩነት ነው። የሕፃኑ ሰውነት አዲሱን ቀንና ሌሊት ለመልመድ ብዙ ቀናት ይፈልጋል፤ አትደንግጡ። በቀን ብርሃን ያግኝ፣ በሌሊት ጨለማ ይሁን። ከብርዱ የተነሳ ከመጠን በላይ አትጠቅልሉት፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ለተኛ ሕፃን አደጋ ነው። ሶፋ ላይ አቅፋችሁት አትተኙ። የመጀመሪያው የሰዓት ለውጥ ሲደርስ ከላይ ያልነውን የ15 ደቂቃ ዘዴ ከአራት ቀን በፊት ጀምሩ።

ሰዓት ሲጻፍ እንጠንቀቅ

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። አንድ ጊዜ በአንዲት እናት የክትባት ካርድ ላይ «8፡00» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ያሰብኩት በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ጠዋት ነው። እሷ ግን በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ልጇን ከቀን እንቅልፉ ቀስቅሳ፣ በፀሐይ አዝላ መጣች። ክትባቱ አልቆ ነበር። ሕፃኑም እናቱም ተንገላቱ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ካርድና የመድኃኒት ከረጢት ላይ ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛው ነው። ስለዚህ ከክሊኒክ ሳይወጡ «በእኛ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ!

ሕፃኑ ተኝቷል ተብሎ የማይጠበቁ ምልክቶች አሉ፦

• ለመንቃት ከተቸገረ ወይም ሰውነቱ ከዛለ
• ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው
• የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ
• ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ
• ትኩሳት ካለው፣ ወይም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ (ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ)

ለጤና በጎ ፈቃደኞች

ቤት ለቤት ስትዞሩ «ሕፃኑ እንዴት ይተኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። አይተኛም ካሉ አትውቀሱ፤ ማን እንደሚደውል፣ በስንት ሰዓት እንደሚደውል፣ በቤቱ ውስጥ ሽሮፕ መኖሩን በዘዴ ጠይቁ። በማርችና በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ውጭ አገር ዘመድ ያላቸውን ቤቶች ቀድማችሁ አስታውሱ።

የዚያ ሕፃን ነገር እንዴት ሆነ? «ስልኩን አቁሚ» አላልናትም፤ ልጁ አባቱን የሚያውቀው በእሱ ነውና። ጥሪውን ከማታ ወደ ጠዋት አዛወሩት። እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ሚኒያፖሊስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ሰዓታቸው ሲቀየር ደግሞ 5 ሰዓት ይሆናል። አባት ከሥራ ገብቶ ከመተኛቱ በፊት ይደውላል፤ ልጁ ደግሞ ጠግቦ ተኝቶ፣ ነቅቶ፣ እየሳቀ ይጠብቀዋል። አያትየው በክትባት ቀን ሲያገኙኝ «አሁን እኛም ተኛን» አሉኝ።

ሰላም ተኝተው ሰላም ይነሡ!