የጥገኝነት ጠያቂው ቃልና ጠበቃው

ስደተኛና ተፈናቃይ የሚሉት ቃላት በዕለት ንግግራችን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይሰማል። በሕግ ፊት ግን ይለያያሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወጥተው በሰቆጣና በአካባቢዋ የተጠለሉት የዋግ ሰዎች ተፈናቃዮች ናቸው፤ ከአገራቸው ድንበር አልወጡምና። ድንበር ተሻግሮ የሌላውን መንግሥት ጥበቃ የሚሻ ሰው ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል። ስደተኛ የሚለውን ሕጋዊ ስም የሚያገኘው ጥያቄው ተመርምሮ ሲጸድቅለት ነው።

ድንበር መሻገር ለዋግ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከትግራይና ከዋግ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ተጉዞ ሱዳን ገብቷል። እንዲህ በጅምላ ለሚመጣ ሕዝብ ጥበቃ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በቡድን ነው፤ መከራው ለሁሉ ይታያልና። ብቻውን ሩቅ አገር የደረሰ ሰው ግን ከገዛ ቃሉ በቀር ሌላ ማስረጃ ላይኖረው ይችላል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ይህን ጊዜ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ሲሰማ መንግሥት የራሱን የሕግ ባለሙያ ያቆማል። ጠያቂውም ጠበቃ የማቆም መብት አለው፤ ወጪውን ግን መንግሥት አይችልለትም። ገንዘብ ወይም በነጻ የሚቆምለት ጠበቃ ያላገኘ ሰው ብቻውን ይከራከራል። ሥርዐቱም ባለበት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የዚያ አገር ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ምክንያቶች በቀር፣ ማመልከቻው ወደ አገሩ በተገባ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ አዘዘ። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 409/1996 መሠረት ጥገኝነት ጠያቂ በ15 ቀን ውስጥ ማመልከት ነበረበት፤ ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ጊዜውን ወደ 30 ቀን አሳደገው። ቀኑ ያለፈበት ሰው እውነት ቢናገርም አድማጭ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የጠበቃው የመጀመሪያ ሥራ ዛሬ የሚሠራበት ሕግ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ሥራው እናንተ በዚህ መጽሐፍ ከምትማሩት ጋር ይገናኛል። አንድ ከሰቆጣ የሄደ ሰው እንዲህ ብሎ ተናገረ እንበል፤

«ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት መጥተው ወንድሜን ወሰዱት።»

ዐረፍተ ነገሩ ለእኛ ግልጽ ነው። ለባዕድ መርማሪ ግን አራት ቦታ ላይ ሊሰናከል ይችላል። ዓመቱ ሳይመለስ ከተጻፈ፣ በአውሮፓውያን 2013 በዚያ አገር ጦርነት ስላልነበረ ሰውየው ሐሰተኛ ይመስላል፤ ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 2021 ነው። (አዋጁም ራሱ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛው ዐምድ 1110/2011፣ በእንግሊዝኛው ዐምድ 1110/2019 ተብሎ መታተሙን ልብ በሉ።) ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በእነርሱ አቈጣጠር ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ነው። «ወንድሜ» የተባለው ምናልባት የአጎቱ ልጅ ይሆናል፤ መርማሪው ቀደም ሲል የወንድሞቹን ቍጥር ጠይቆት «የለኝም» ብሎ ከነበረ፣ ቃሉ እርስ በርሱ የተጋጨ ይመስላል።

ከሁሉ የሚከፋው ማሰሪያ አንቀጹ ነው። «ወሰዱት» ባለቤቱን በውስጡ ይዟል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ብዙ ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ በአክብሮት የሚጠራ ሽማግሌ ወይም ሹም? አማርኛው ለሁለቱም አንድ ነው። አስተርጓሚው ሳይጠይቅ አንዱን ቢመርጥ፣ ነገ «እኒያ ሹም ናቸው» የሚለው ቃል «ትናንት ብዙዎች ናቸው ብለህ አልነበረምን?» ያሰኛል። አፉን በኽምጣና የፈታ ሰው በአማርኛ እንዲናገር ከተደረገ ደግሞ ችግሩ ይደራረባል፤ ቃሉ ወደ መርማሪው ጆሮ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ተተርጕሞ ነውና። ጠበቃው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያስተረጕም ሰው እንዲቀርብለት አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

አንዳንዶች የጠበቃ ጥቅሙ ጥሩ ታሪክ ማስጠናቱ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። በውሰት የተያዘ ታሪክ «በዚያን ዕለት አየሩ እንዴት ነበር? በሩስ ወዴት ይከፈታል?» ሲባል ይፈርሳል፤ እውነተኛውንም መከራ ይዞት ይወድቃል። ደኅና ጠበቃ የሚያደርገው ሰውየውን ደጋግሞ መጠየቅ፣ ያየውን ከሰማው መለየት፣ የማያስታውሰውን «አላስታውስም» እንዲል ማበረታታት፣ ነገሩንም በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው።

በመጨረሻም የተጻፈው ቃል ከመፈረሙ በፊት ለሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል። ጠበቃው በዚህ ሰዓት አይቸኩልም። «ወሰዱት ያልኸው እነማንን ነው? ወንድሜ ያልኸውስ የእናትህ ልጅ ነውን?» እያለ በየመስመሩ ያቆመዋል። ከፊርማው በፊት የታረመ ቃል እርማት ይባላል፤ ከፊርማው በኋላ የታረመ ቃል ግን በመርማሪው መዝገብ ላይ የቃል መለዋወጥ ተብሎ ሊሰፍር ይችላል።